ታማኞቹ መጨረሻ ሰሙ፦ የሊቭ ጎልፍ መገንጠል እንደ ጉዳይ ጥናት

ጁን 6 ቀን 2023፣ ማክሰኞ ጠዋት። ብዙዎቹ የፒጂኤ ቱር፣ ማለትም የአሜሪካ ዋነኛው የፕሮፌሽናል ጎልፍ ውድድር፣ ተጫዋቾች ቶሮንቶ ናቸው። በዚያ ሳምንት ለሚጀመረው የካናዳ ኦፕን ይለማመዳሉ። ድንገት ስልኮች መንጫጫት ጀመሩ። ሊቭ ጎልፍ የተባለውን ተገንጣይ ሊግ ያቆመው፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሲወገዝ የከረመው የሳውዲ ገንዘብ ወደ ቤት ሊገባ ነው። የቱሩ ኮሚሽነር ጄይ ሞናሃንና የሳውዲው የመንግሥት ኢንቨስትመንት ፈንድ አስተዳዳሪ ያሲር አል-ሩማያን ሲኤንቢሲ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዕርቁን ያበስራሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ክስ ይቀራል፣ ንግዱ ይጠቃለላል።

ተጫዋቾቹ ነገሩን የሰሙት እንደ ማንኛውም ሰው ከትዊተር ነው። ኮሊን ሞሪካዋ የጠዋት ዜናን ከትዊተር መስማት ደስ እንደሚለው ጽፎ አሽሟጠጠ። ሮሪ ማኪልሮይ እንኳ፣ ዓመቱን ሙሉ ለቱሩ ጥብቅና የቆመው ሰው፣ ስልክ የተደወለለት በዚያው ዕለት ማለዳ ነበር። በማግስቱ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ የመሥዋዕት በግ የሆነ ያህል እንደሚሰማው ተናገረ።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት በዚያ ጠዋት ምክንያት ነው። ታሪኩ ብዙ ጊዜ «ሳውዲ በነዳጅ ገንዘቧ ጎልፍን ልትገዛ ሞከረች» ተብሎ ይነገራል። ውሸት አይደለም፣ ግን ግማሹ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ግማሽ ነው። ነባሩ ቱር ተገንጣዩን ለመመከት ሲል ቀስ በቀስ ራሱ ተገንጣዩን መሰለ። ሒሳቡን የከፈሉት ደግሞ በአብዛኛው ገንዘቡን እምቢ ብለው የቀሩት፣ ወይም ጭራሽ ያልተጠየቁት ናቸው። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ቱሩ ራሱ ተገንጣይ ነበር

ፒጂኤ ቱር ዛሬ የጎልፍ ባህልና ወግ ጠባቂ ነኝ ይላል። አወላለዱ ግን በጠብ ነው። በ1968 እነ ጃክ ኒክላውስና አርኖልድ ፓልመር ያሉበት የዘመኑ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ከአሜሪካ የጎልፍ ባለሙያዎች ማኅበር ተገነጠሉ። ማኅበሩ በአብዛኛው በየክለቡ ጎልፍ የሚያስተምሩና ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ስብስብ ነበር። በየሳምንቱ እየዞሩ የሚወዳደሩት ግን ጥቂት ናቸው። ቴሌቪዥን መጣ፣ ገንዘብ መጣ፣ «ገንዘቡን የምናመጣው እኛ ሆነን ወሳኙ ለምን ሌላ ይሆናል?» የሚል ጥያቄ መጣ። ከጥቂት ወራት ንትርክ በኋላ ተጫዋቾቹ የራሳቸውን ክፍል አገኙ። የዛሬው ቱር የዚያ ውጤት ነው።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ያው ጥያቄ በራሱ በቱሩ ላይ መጣ። ለምን እንደሆነ ለመረዳት የጎልፍ ተጫዋች ከኳስ ተጫዋች የሚለይበትን ማወቅ ያስፈልጋል። የፕሪሚየር ሊግ ተጫዋች ተጠባባቂ ወንበር ላይ ቢቀመጥም ደመወዙ ይገባል። የቱር ጎልፈኛ ግን ግለሰብ ተቋራጭ ነው። ደመወዝ የለውም። የአውሮፕላን ትኬቱን፣ ሆቴሉን፣ ዱላ ተሸካሚውን ካዲ የሚከፍለው ከኪሱ ነው። ውድድሩ አራት ቀን ነው። ከሁለተኛው ቀን በኋላ ማጣሪያ አለ። ካላለፈ ዓርብ ማታ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፣ የሽልማት ገንዘብ አያገኝም።

ነጻ ተቋራጭ ነው ቢባልም ነጻነቱ ልክ አለው። ቱሩ ውድድር ባለው ሳምንት ሌላ ቦታ መጫወት የሚችለው ተፈቅዶለት ነው። የምስል መብቱም የቱሩ ነው። ትልልቆቹ ተጫዋቾች በዚህ ለዓመታት አጉረምርመዋል። ተመልካች የሚቀመጠው እኛን ለማየት ነው፣ ድርሻችን ግን ከሌላው እኩል ይቆጠራል ይላሉ። ቱሩ ደግሞ ለትርፍ ያልቆመ የአባላት ማኅበር ነኝ፣ ኮከብም ሆነ ጀማሪ ሥራውን ሜዳ ላይ ያሳይ ይላል። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ችግሩ፣ ማንም በቂ ገንዘብ ይዞ መጥቶ ይህን ቅራኔ ፈትኖት አያውቅም ነበር።

አንድ ሰው ሊሞክር ፈልጎ ነበር። ግሬግ ኖርማን። አውስትራሊያዊው የቀድሞ የዓለም አንደኛ በ1994፣ የሩፐርት ሜርዶክን ፎክስ ቴሌቪዥን ከጎኑ አሰልፎ፣ ምርጥ ምርጡን ብቻ የሚያሰባስብ የዓለም ቱር አቅዶ ነበር። የያኔው ኮሚሽነር ቲም ፊንቸም አፈነው። ተጫዋቾቹም ሸሹት። ኖርማን ይህን የረሳ ሰው አይመስልም።

ሐሳቡ ከአንዱ፣ ገንዘቡ ከሌላው

አርባ ስምንት ተጫዋች፣ አሥራ ሁለት ቡድን፣ አጭር ውድድር የሚለው ንድፍ የኖርማን አይደለም። ፕሪሚየር ጎልፍ ሊግ የተባለ እንግሊዝ የተጠነሰሰ ዕቅድ ነበር፤ በ2020 መጀመሪያ በይፋ ብቅ ብሎ ብዙ ሳይራመድ ቀረ። ሳውዲዎቹ ግን ሐሳቡን አልጣሉትም። ከ2019 ጀምሮ በአገራቸው ትልቅ ውድድር እያዘጋጁ ጎልፍን ቀምሰውታል። በኦክቶበር 2021 ፈንዳቸው ኒውካስል ዩናይትድን ገዛ። የእኛ አገር የኳስ ተመልካች አል-ሩማያንን የሚያውቀው ከዚያ ነው፤ የክለቡ ሊቀመንበር ነውና። በዚያው ወር ኖርማን የአዲሱ የጎልፍ ድርጅት ሥራ አስፈጻሚ መሆኑ ተነገረ።

ስሙ ሊቭ ጎልፍ ተባለ። በሮማውያን ቁጥር 54 ነው። ውድድሩ ያኔ በሦስት ቀን 54 ጉድጓድ ብቻ ይጫወት ነበር፤ ሌላው ዓለም በአራት ቀን 72 ይጫወታል። ማጣሪያ የለም። ሁሉም ተጫዋች በተመሳሳይ ሰዓት ከተለያየ ጉድጓድ ይነሳል። ሙዚቃ አለ። ቁምጣ መልበስም ቆይቶ ተፈቀደ። ለአክራሪው የጎልፍ ወዳጅ የመጨረሻው ብቻውን የቡና መጠጫ ወሬ ነበር።

ነገሩ ሊጀመር ሲል ግን ፊል ሚክልሰን ሊያፈርሰው ጥቂት ቀረው። ሚክልሰን በ2021 በሃምሳ ዓመቱ የፒጂኤ ሻምፒዮናን አሸንፎ፣ አራቱን ትልልቅ ውድድሮች (ማስተርስ፣ ፒጂኤ ሻምፒዮና፣ ዩኤስ ኦፕንና ብሪቲሽ ኦፕን) ካሸነፉ ሁሉ በዕድሜ አንጋፋው ሆኗል። የሕዝብ ልጅ ነው። በፌብሩዋሪ 2022 ለአንድ ጸሐፊ የነገረው ታተመ። ሳውዲዎቹ አስፈሪ ሰዎች እንደሆኑ፣ ጋዜጠኛው ጃማል ካሾጊን እንደገደሉ፣ የሰብዓዊ መብት ታሪካቸው አስከፊ እንደሆነ እንደሚያውቅ ተናግሯል። ታዲያ ለምን አብሯቸው ይሠራል? የቱሩን አሠራር ለመለወጥ በሕይወት አንዴ የሚገኝ ዕድል ስለሆነ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ሚክልሰን በአንድ አረፍተ ነገር ሁለቱንም ወገን ሰደበ። ሳውዲዎቹን ነፍሰ ገዳይ አለ፣ ራሱን ደግሞ ይህን እያወቀ ገንዘባቸውን የሚፈልግ ሰው አደረገ። ኬፒኤምጂና ሌሎች ስፖንሰሮች ጥለውት ሄዱ። ማስተርስን ቀረ። ዋንጫውን የሚጠብቅበትን የፒጂኤ ሻምፒዮናም ቀረ። ንግግሩ በታተመበት ሳምንት ደስቲን ጆንሰንና ብራይሰን ዲሻምቦ ለቱሩ ታማኝነታቸውን በይፋ ገለጹ። ጆን ራምም ታማኝነቱን በይፋ አወጀ። ማኪልሮይ ሊጉ ሳይጀመር ሞቷል ለማለት ቸኮለ።

አልሞተም። ጆንሰን ከጥቂት ወራት በኋላ ፈረመ። የዜና ዘገባዎች ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደተከፈለው ጻፉ። ሚክልሰንም ተመለሰ፤ የእሱ 200 ሚሊዮን ገደማ ነው ተባለ።

ሴንቸሪዮን ክለብ፣ ጁን 9 ቀን 2022

የመጀመሪያው ውድድር ከለንደን ወጣ ብሎ በሚገኘው ሴንቸሪዮን ክለብ ነበር። ተጫዋቾቹን ወደየመነሻቸው ያመላለሷቸው የለንደን ጥቁር ታክሲዎች ናቸው። ስርጭቱ በዩቲዩብ ነበር፤ ትልቅ ቴሌቪዥን የገዛው የለም።

ከቀትር በኋላ ኳሱ ተመታ። ግማሽ ሰዓት ገደማ አለፈ። ከዚያ ሞናሃን ለአባላቱ የላከው ደብዳቤ ወጣ፦ ሜዳው ላይ ያሉት 17 የቱሩ አባላት ታግደዋል። ጆንሰንን ጨምሮ አሥሩ ቀድመው አባልነታቸውን መልሰዋል፤ እገዳው እነሱንም አልማራቸውም። ሰዓቱ ታስቦበት ነው። ሰዎቹ ገና የመጀመሪያዎቹን ጉድጓዶች እየተጫወቱ ሳሉ ተቀጡ።

በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ደቡብ አፍሪካዊው ቻርል ሽዋርትዘል አሸነፈ። ለግሉ 4 ሚሊዮን፣ ከቡድኑ ድርሻ ደግሞ 750,000 ዶላር ወሰደ። በዚያው ዓመት ማስተርስን ያሸነፈው ስኮቲ ሼፍለር ያገኘው 2.7 ሚሊዮን ነው። የበለጠ የሚናገረው ግን የሰንጠረዡ ታች ነው። መጨረሻ፣ 48ኛ የወጣው ተጫዋች ከፓር (ለሜዳው ከተመደበው የምት ብዛት) በላይ 24 ምት ነበር። በቱሩ ቢሆን ዓርብ ማታ ባዶ እጁን ይሄዳል። እዚህ 120,000 ዶላር ተቀበለ።

እዚህ ጋ የእኔን አቋም ልናገር። «ማጣሪያ የሌለው ውድድር ውድድር አይደለም» የሚለው የቱሩ ወቀሳ ትክክል ነበር። ጎልፍን ለመመልከት ከሚያጓጉት ነገሮች አንዱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚያልፈውና የማያልፈው ሰው ጭንቀት ነው። ይህን ወቀሳ ያዙልኝ። በኋላ ይመጣል።

በማግስቱ እሑድ ማኪልሮይ ካናዳ ኦፕንን አሸነፈ። የቱሩ 21ኛ ድሉ ነበር። «ከአንድ ሰው በአንድ ይበልጣል» አለ። የኖርማን ድሎች 20 ናቸው። ስም መጥራት አላስፈለገም። በዚያው ቀን ሞናሃን ሲቢኤስ ላይ ቀርቦ ስለ ሴፕቴምበር 11 የሽብር ጥቃት ሰለባ ቤተሰቦች ተጠየቀ። ለተጫዋቾች አንድ ጥያቄ አቀረበ፦ የፒጂኤ ቱር አባል በመሆናችሁ ይቅርታ መጠየቅ ኖሮባችሁ ያውቃል?

ይህች ጥያቄ ከአንድ ዓመት በኋላ እየተመላለሰች አሳደደችው።

ሥነ ምግባሩና ገንዘቡ

ካሾጊ ኢስታንቡል ባለው የሳውዲ ቆንስላ ውስጥ የተገደለው ኦክቶበር 2 ቀን 2018 ነው። ከሴፕቴምበር 11 አሥራ ዘጠኝ ጠላፊዎች አሥራ አምስቱ የሳውዲ ዜጎች ነበሩ። ኖርማን ከመጀመሪያው ውድድር በፊት ስለ ካሾጊ ሲጠየቅ ሁላችንም ተሳስተናል የሚል መልስ ሰጠ። ከዚህ የከፋ መልስ ማሰብ ይከብዳል። በጁላይ 2022 ሊቭ ኒው ጀርሲ ወደሚገኘው የዶናልድ ትራምፕ ሜዳ ሲሄድ የሴፕቴምበር 11 ሟቾች ቤተሰቦች ሰልፍ ወጡ።

ቱሩ በዚህ የሥነ ምግባር ምሽግ ውስጥ ገባ። ምሽጉ ግን ቀዳዳ ነበረው። ብዙ የአሜሪካ ኩባንያዎች ከሳውዲ ጋር ይሠራሉ፤ ከቱሩ ስፖንሰሮችም እንዲሁ። የዓለም መሪዎች ሪያድ ይመላለሳሉ። አንድን ጎልፈኛ ብቻ ነጥሎ የህሊና ሸክም ማሸከም የሚያስኬደው እስከተወሰነ ድረስ ነው። ደግሞ ሞናሃን ራሱ የልቡን የተናገረው ጁን 22 ቀን 2022 ይመስለኛል። ነገሩ የመሣሪያ እሽቅድምድም ከሆነና መሣሪያው ዶላር ብቻ ከሆነ ቱሩ አይችልም አለ። በዚያው ቀን የአንዳንድ ውድድሮች ሽልማት እንደሚያድግ አስታወቀ። አልችልም ያለውን እሽቅድምድም በዚያው አፉ ጀመረው።

በኦገስት ታይገር ውድስ በግል አውሮፕላኑ ወደ ዴላዌር በርሮ ከሃያ ገደማ ኮከቦች ጋር ዝግ ስብሰባ አደረገ። ኖርማን ለውድስ ከ700 እስከ 800 ሚሊዮን ዶላር ቀርቦለት እንቢ ማለቱን ተናግሮ ነበር። ከስብሰባው በኋላ ቱሩ 20 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ያላቸው፣ ኮከቦቹ የሚገናኙባቸው ውድድሮች ፈጠረ። ያን ሰሞን ብሪቲሽ ኦፕንን ያሸነፈው ካሜሮን ስሚዝ ግን ከመሄድ አልቀረም።

አውሮፓ ውስጥ ጉዳቱ ሌላ መልክ ነበረው። ሄንሪክ ስቴንሰን ሊቭን ስለመረጠ አውሮፓና አሜሪካ በሚገጥሙበት በራይደር ካፕ የአውሮፓ ቡድን አለቅነቱን ተነጠቀ። በኤፕሪል 2023 የግልግል ጉባኤ ለአውሮፓው ቱር፣ ለዲፒ ወርልድ ቱር፣ ፈረደ፤ ቅጣቱ ለእያንዳንዱ 100,000 ፓውንድ ነው። ሰርጂዮ ጋርሲያ፣ ሊ ዌስትውድና ኢያን ፖልተር አባልነታቸውን ለቀቁ። ጋርሲያ በራይደር ካፕ ታሪክ ከሁሉም በላይ ነጥብ ያመጣ ሰው ነው።

የአሜሪካው ክስ

ኦገስት 3 ቀን 2022 ሚክልሰንና ዲሻምቦን ጨምሮ 11 ተጫዋቾች ካሊፎርኒያ ውስጥ በቱሩ ላይ የሞኖፖል ክስ መሠረቱ። ሦስቱ በዓመቱ መዝጊያ ውድድሮች እንዲጫወቱ አስቸኳይ ትዕዛዝ ጠየቁ፣ ዳኛዋ ከለከለች። ሊቭ ራሱ ወደ ክሱ ገባ። ቱሩ መልሶ ከሰሰ። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴርም ቀደም ብሎ ቱሩን በሞኖፖል ሕግ መመርመር ጀምሮ ነበር።

ወሳኙ ነገር የመጣው በፌብሩዋሪ 2023 ነው። ፍርድ ቤቱ የሳውዲው ፈንድና አል-ሩማያን ሰነድ እንዲያቀርቡና ቃል እንዲሰጡ ወሰነ። ፈንዱ የመንግሥት አካል ስለሆንኩ አልገደድም ብሎ ተሟግቶ ነበር። የሉዓላዊ ፈንድ አለቃ አሜሪካ ውስጥ በመሐላ ሊጠየቅ ነው። በሌላ በኩል የቱሩ የጠበቃ ወጪ ይነጉዳል፣ የተጠባባቂ ገንዘቡም ይቀንሳል። ሁለቱም ክሱ እንዲቀር የሚፈልጉበት ምክንያት አገኙ።

ጂሚ ደን

በዚህ ጉዳይ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ አጥና ብባል የምመርጠው ይህን ነው። ጂሚ ደን ባንከር ነው፣ የቱሩ ቦርድ አባል ነበር። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጠዋት ደን ጎልፍ ሜዳ ላይ ነበር፤ ለአማተሮች ሻምፒዮና ማጣሪያ ይጫወታል። ድርጅቱ ሳንድለር ኦኒል ቢሮው በዓለም ንግድ ማዕከል ደቡባዊ ሕንፃ 104ኛ ፎቅ ላይ ነበር። በዚያ ቀን 66 ሠራተኞቹ ሞቱ። እሱ የተረፈው በጎልፍ ምክንያት ነው።

ኤፕሪል 2023 ላይ ይህ ሰው ለአል-ሩማያን የዋትስአፕ መልእክት ላከ። ማን እንደሆነ ነገረው፣ በስልክ እንዲነጋገሩና ቢቻል በአካል እንዲገናኙ ጠየቀው። ለንደን ተገናኙ። አብረው ጎልፍም ተጫወቱ። ቀጥሎ ቬኒስ። ከመልእክቱ ሰባት ሳምንት በኋላ ሲኤንቢሲ ላይ የታየው የዚህ ውጤት ነው። በድርድሩ ላይ አንድም ተጫዋች አልነበረም። የቦርዱ አብዛኛው አባልም አያውቅም ነበር።

ደን በኋላ ሲጠየቅ፣ የሚነጋገራቸው ሰዎች በጥቃቱ ውስጥ እጃቸው እንደሌለ እርግጠኛ መሆኑን፣ ቢኖርበት ግን ማንም ሳይቀድመው በገዛ እጁ እንደሚገድለው ተናገረ። አንዳንድ የሟች ቤተሰቦች በዚህ ሰው ላይ ተቆጡ፤ ይገባኛል። እኔ ግን ደን የዋሸ አይመስለኝም። በሒሳብ የሚያስብ ሰው ነው። ፈንዱ ገንዘቡ አያልቅም፣ ጊዜም አይጣበበውም። ቱሩ ግን ሁለቱም ያልቅበታል።

ሰነዱ ሴኔት ፊት ሲቀርብ አምስት ገጽ ገደማ ነበር። ጁላይ 11 ቀን ሴናተር ሪቻርድ ብሉመንታል በመሩት ችሎት ደንና የቱሩ ዋና የሥራ ክንውን ኃላፊ ሮን ፕራይስ ተጠየቁ። ሞናሃን አልነበረም፤ በሕመም ፈቃድ ላይ ነው። ከአምስቱ ገጽ የሚያስገድደው ትንሽ ነው። ክስ ማንሳቱ አንዱ ነው። ሌላው አንዱ የሌላውን ተጫዋች ላያባብል የገባው ቃል ነበር። የፍትሕ ሚኒስቴር ይህን ሐረግ ስላልወደደው ወጣ።

ያቺ ሐረግ ወጣችና ራም ሄደ።

የራም ሒሳብ

ጆን ራም በፌብሩዋሪ 2022 ታማኝነቱን ያወጀው እሱ ነው። ከስምምነቱ በኋላ ብዙ ተጫዋቾች በአስተዳደሩ የተከዱ ያህል እንደሚሰማቸው ተናገረ። ዲሴምበር 7 ቀን 2023 የሊቭን ጃኬት ለብሶ ታየ። ዘገባዎች ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሉ። የማስተርስ ሻምፒዮን ነው፣ የዓለም ሦስተኛ ነበር።

ብዙዎች ከሃዲ አሉት። እኔ ትንሽ አዝንለታለሁ። አለቃህ በድብቅ ከሰውዬው ጋር ሲፈራረም አንተ ለምን በግልጽ አትፈራረምም? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ማኪልሮይ ሰምቶት አያውቅም፤ ስሜቱን ግን ሳያውቀው አልቀረም። እሱም በዚያው ሰሞን ከቱሩ ቦርድ ለቀቀ፣ ሊቭን የሚያጥላላበትን ቋንቋም አለሰለሰ። ተጫዋቾቹ በበኩላቸው በደረሰው ነገር ተናደው ውድስን ስድስተኛ የተጫዋቾች ወኪል አድርገው ቦርድ አስገቡ።

የስምምነቱ ቀነ ገደብ ዲሴምበር 31 አለፈ፣ ምንም አልተፈረመም። ጃንዋሪ 2024 መጨረሻ ላይ ቱሩ ሌላ ባለገንዘብ አገኘ። የሊቨርፑል ባለቤት ፌንዌይ የሚመራው የባለሀብቶች ቡድን እስከ 3 ቢሊዮን ዶላር ሊያስገባ ተስማማ፣ ግማሹም ወዲያው ገባ። ለትርፍ ያልቆመው ማኅበር የንግድ ኩባንያ ወለደ፤ ወደ 200 ለሚጠጉ ተጫዋቾች አክሲዮን ተደለደለ፤ የአንበሳው ድርሻ ለኮከቦቹ። ደን በሜይ 2024 ድርድሩ አንዳች እንዳልራመደ ጽፎ ከቦርዱ ወጣ። በፌብሩዋሪ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሞናሃንን፣ ውድስን፣ አዳም ስኮትንና አል-ሩማያንን ኋይት ሐውስ ሰበሰባቸው። ከዚያም ምንም አልወጣም።

ሊቭ ምን አገኘ?

ተጫዋች አገኘ። ብሩክስ ኬፕካ በ2023 የፒጂኤ ሻምፒዮናን በማሸነፍ ትልቅ ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው የሊቭ ሰው ሆነ። ዲሻምቦ በ2024 ዩኤስ ኦፕንን ወሰደ፤ ማኪልሮይ በመጨረሻዎቹ ጉድጓዶች ሁለት አጫጭር ምቶች ሲስት፣ ዲሻምቦ ከሩቅ የአሸዋ ጉድጓድ ኳሷን ባንዲራው አጠገብ አስቀመጣት። ይህ ግን የሊቭ ውድድር አይደለም። የሊቭ ተጫዋቾች ትልቅ የሚባሉት የሊቭ ባልሆነ ሜዳ ሲያሸንፉ ነው። ከዚህ የበለጠ ድክመቱን የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ተሳካለት። አደሌድ፣ አውስትራሊያ። ኖርማን አገሩ ነው፤ አገሪቱም ለዓመታት ትልልቅ ተጫዋቾችን በቅርብ ስታይ አልነበረችም። በኤፕሪል 2023 ዘ ግሬንጅ ክለብ 12ኛው ጉድጓድ በመቀመጫ ተከቦ እንደ ስታዲየም ሆነ። የኬፕካ ወንድም ቼዝ እዚያ በአንድ ምት ኳሷን ጉድጓድ ከተታት፤ ከየአቅጣጫው የቢራ ብርጭቆ ዘነበ። ያን ቪዲዮ ያየ ሰው ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ከንቱ ነው ለማለት ይቸግረዋል።

ሌላው ቦታ ግን ተመልካቹ ጥቂት ነበር። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ቁጥሩ ከቱሩ ጋር አይወዳደርም። የዓለም ደረጃ ሰጪው አካል በኦክቶበር 2023 ነጥብ ከለከለው፤ ዋናው ምክንያት በሩ ዝግ ነው፣ ሰው የሚገባበትና የሚወርድበት መንገድ አይበቃም የሚል ነው። ከአሜሪካ ውጭ ያለው ኩባንያው በ2023 ብቻ 394 ሚሊዮን ዶላር ከሰረ። በ2025 መጀመሪያ ኖርማን ሄዶ ስኮት ኦኒል መጣ። በኖቬምበር 2025 ደግሞ ሊቭ ከ2026 ጀምሮ በአራት ቀን 72 ጉድጓድ እንደሚጫወት አስታወቀ። ስሙ ግን አሁንም 54 ነው።

ቱሩስ?

ያዙልኝ ያልኩት ወቀሳ አሁን ይመጣል። ከ2024 ጀምሮ ቱሩ ስምንት ልዩ ውድድሮች አሉት። ተጋባዡ ከ70 እስከ 80 ነው፣ ሽልማቱ 20 ሚሊዮን ገደማ፤ አብዛኞቹ ማጣሪያ የላቸውም። ጥቂት የተመረጡ ሰዎች፣ የተረጋገጠ ክፍያ፣ ዓርብ ማታ ማንም የማይባረርበት። ልክ እንደዚያ ሲሳለቁበት እንደነበረው።

ከዚያ በኖቬምበር 2024 ቦርዱ ሌላ ውሳኔ አሳለፈ። ከ2026 ጀምሮ ሙሉ የቱር ካርድ፣ ማለትም በቱሩ የመወዳደር መብት፣ የሚያስጠብቁት 125 ሰዎች ሳይሆኑ 100 ናቸው። የብዙ ውድድሮች ተሳታፊም ይቀንሳል። ከ101 እስከ 125 ያለው ተጫዋች ሊቭ ጠርቶት አያውቅም። አልከዳም፣ አልተባበለም፣ ሚሊዮን አልቀረበለትም። በዚህ ጦርነት ቦታውን ያጣው ግን እሱ ነው። በቴሌቪዥን ክርክሩ ሁሉ ስሙ አልተነሳም።

የቱሩ ጥብቅናም አለ፣ ላንሳው። ሳምንት ሳምንቱን 150 ሰው ማሰለፍ ለተመልካች አሰልቺ ነው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አያልቅም፣ ኮከቦቹ ካልተገናኙ ስፖንሰር አይከፍልም። እውነት ነው። ነገር ግን በ2022 ይህን የሚለው ኖርማን ነበር።

በ2025 ክረምት ብራያን ሮላፕ ከአሜሪካን ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) መጥቶ የቱሩ ሥራ አስፈጻሚ ሆነ። ሮላፕ ከሊቭ ጠብ ጋር ቂም የለውም። በዲሴምበር ኬፕካ ውሉ ሳያልቅ ከሊቭ ወጣ፤ በጃንዋሪ 2026 ቱሩ ልዩ የመመለሻ በር ከፈተለት። ለበጎ አድራጎት 5 ሚሊዮን ዶላር ይከፍላል። ለአምስት ዓመት የተጫዋቾች አክሲዮን አያገኝም። በዚያው ወር ሳን ዲየጎ ቶሪ ፓይንስ ላይ ኳሱን መታ።

በሩ የተከፈተው ከ2022 እስከ 2025 ትልቅ ውድድር ወይም የቱሩ ዋነኛ ውድድር የሆነውን ፕሌየርስ ሻምፒዮናን ላሸነፉ ብቻ ነው። ያ ማለት አራት ሰው ነው፦ ኬፕካ፣ ራም፣ ዲሻምቦና ስሚዝ። ሦስቱ ባሉበት መቅረትን መረጡ። እንደ እነሱ የወጡት፣ በእነዚያ ዓመታት ይህን ዋንጫ ያላነሱት ሌሎች ተጫዋቾች ግን መመለስ ቢፈልጉ በተራው ደንብ ወረፋ ይይዛሉ፤ ወረፋውም ወደ 100 ካርዶች ነው።